ሰባተኛው ሸሚዝ

እሜቴ አሥር ዓመቷ ነበር። እሜቴ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ጎረቤት ያወጣላት ነው። አገጯን ወደ ሰማይ ቀስራ ስትሄድ የሰፈሩ ሰው፣ "እሜቴ መጡ፣ መንገድ ልቀቁ!" ይላል። እሷ ታዲያ ሹፈት መሆኑ አልገባትም፤ ክብር መሰላት። ልጆች፣ ስንቱ ሰው እየተሾፈበት የተከበረ ይመስለዋል!

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ከአልጋው እስከ በሩ ጨርቅ በጨርቅ ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ መርፌ ይጠብቀዋል። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ያውቀዋል። አንድ ታናሽ ወንድም አላት። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጩጬ ይሉታል።

ጩጬ ልቡን ያመዋል። ሦስት እርምጃ ሄዶ ይቀመጣል። ከንፈሩ ቀለም እንደነካው ይጠቁራል። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲያባርሩ እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ትንንሽ ነገር ያያል። ትልቅ ነገር ማንም ያያል፤ ትንሽ ነገር የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

አንድ ቀን የመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት ፍጥረት አገኘ። ፌንጣ ትመስላለች፤ ፌንጣ ግን አይደለችም። አንገቷ ረጅም ነው፤ ፊቷ ሦስት ማዕዘን። ዓይኖቿ ለጭንቅላቷ ይበዙባታል። የፊት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ትቆማለች፤ ላያት ሰው ጸሎት ላይ ያለች ትመስላለች። እናንተም አይታችኋት ይሆናል፤ አይታችሁም በጫማ ረግጣችኋት ይሆናል።

ጩጬ አልረገጣትም። ቁመቱ ክንድ የሚያህል አፈ ሰፊ ጠርሙስ አገኘላት። ውስጡ አንድ ዱላ አጋደመ። አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ በእናቱ ክር አሰረው። ዝንብ በሕይወቱ ይይዝላታል፤ የሞተ አትነካም። ውሃ በጣቱ ይረጭላታል፤ ጠብታውን ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ትጠጣለች። ስሟንም "አክስቴ" አላት።

"ለምን አክስቴ?" አለችው እሜቴ።

"አንገቷን አዙራ ሰው ስታይ የእማዬን እህት አትመስልም? ያቺ ገና በር ላይ ቆማ 'ምን በላችሁ?' የምትለዋን።"

እናታቸው የስፌት መኪናዋን አቆመች። "ጩጬ! እህቴን ተዋት አልኩህ!" አለች። ጠርሙሱን ጎንበስ ብላ አየች። "ውይ፣ እውነቱን ነው፤ ቁርጥ እሷን!" ብላ ሳቀች።

እሜቴ ግን አልሳቀችም። "መነኩሲቷ ብንላት ይሻላል" አለች። "ቀኑን ሙሉ ትጸልያለች።"

"አትጸልይም። እያደባች ነው።"

"እጇን አጣጥፋ?"

"ዝም ብለሽ እይ።"

አንድ ዝንብ በዱላው ላይ እየተራመደ መጣ። ጠጋ አለ። የተጣጠፈው እጅ ዓይን ሳይከተለው ተዘረጋ፤ ዝንቡም በእሾሃማ ክንዶቿ መሃል ተገኘ። ከጭንቅላቱ ጀምራ በላችው።

"ሆ! ጨካኝ!" አለች እሜቴ።

"ርቧት ነው" አለ ጩጬ። "እንደዚያ ሆና ነው የተፈጠረችው። እንደሆነችው ነው የምትታየው፣ አይደል?"

ይህን የተናገረው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። እሜቴ ግን መስታወት ፊት ሄዳ ሪባኗን ታስር ነበር።

ይህች ፍጥረት ስታድግ ቆዳዋ ይጠባታል። ስለዚህ ታወልቀዋለች። ጩጬ ቆዳውን "ሸሚዝ" ይለዋል፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ሌላ ምን ሊለው ኖሯል? ለማውለቅ ስትዘጋጅ ጥቂት ቀን ምግብ እምቢ ትላለች። ከዚያ ዱላዋ ላይ ቁልቁል ትንጠለጠላለች። ጀርባዋ ይሰነጠቃል፤ ቀስ ብላ ከገዛ ቆዳዋ ትወጣለች። አሮጌው ሸሚዝ ከነጣቱ ከነጥፍሩ ባዶውን ይቀራል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ጩጬ እያንዳንዱን በአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጧል። ስድስት ሆነዋል።

"አንድ ቀርቷታል" አለ አንድ ቀን። "ትከሻዋ ላይ አብጦ አየሽው? የክንፍ ቡቃያ ነው። ሰባተኛውን ሸሚዝ ስታወልቅ ክንፍ ታወጣለች። እኔ ክንፏን ሳላይ የትም አልሄድም።"

የእናታቸው መኪና ጸጥ አለ። ከዚያ ደግሞ ከበፊቱ ባሰ ፍጥነት መሽከርከር ጀመረ።

ዓርብ ቀን ጩጬ አልጋ ላይ ቀና ማለት አቃተው። ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። አባቱ ተሸክሞት ሲወጣ በትከሻው ላይ አንገቱን አዙሮ እህቱን ተጣራ።

"እሜቴ! ምግብ እምቢ ካለችሽ እንዳትነኪያት! ሸሚዟን ልትለውጥ ነው! ከዱላዋ እንዳታወርጃት! ሰማሽኝ?"

"እሺ፣ እሺ" አለች እሜቴ።

"አደራ!"

"እሺ አልኩህ እኮ!"

ልጆች፣ ሁለት ዓይነት እሺ አለ። አንዱ ከልብ ነው፤ ሌላው ከጥርስ። የእሜቴ እሺ የጥርስ ነበር።

ዓርብ እሜቴ ለአክስቴ ዝንብ ሰጠቻት፤ እምቢ አለች። ቅዳሜም ሰጠቻት፤ ፊቷን አዞረች። እጇን አጣጥፋ ዝም ብላ ቆመች። የወንድሟ ቃል በእሜቴ ጆሮ ውስጥ ነበር፤ ግን ሌላ የሚጥም ሐሳብ መጣና ላዩ ላይ ተቀመጠበት። "ትጸልያለች። አትበላም። እንግዲያ እየጾመች ነው!" አለች ለራሷ። "ይህን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን?"

እሑድ ጠዋት ጠርሙሱን አየችው። ከባድ ነው፤ አዲሱን ቀሚሷን ያበላሽባታል። አንድ ባዶ የሳሙና ካርቶን አገኘች። አክስቴን ከዱላዋ አላቅቃ እዚያ ውስጥ ከተተቻት። ካርቶኑ ጠባብ ነው፤ ለመንጠልጠል ቦታ የለውም። እሜቴ ይህን አላሰበችም፤ ስለ ሳጥኑ ማማር ነበር ያሰበችው።

በትምህርት ቤቱ ልጆቹ ከበቧት።

"እጇን አየህ? እጇን አየህ?"

"አሜን ትላለች እንዴ?"

"ዝንብ ስጧት እስቲ!"

ዝንብ ሰጧት፤ እምቢ አለች።

"ትጾማለች" አለች እሜቴ አገጯን አንስታ። "ሦስተኛ ቀኗ ነው።"

አስተማሪዋ ደርቃ የቀረች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ አሮጊት ነበረች። መነጽሯን አስተካክላ ካርቶኑን አየች። "አያችሁ?" አለች ወደ ልጆቹ ዞራ። "መጽሐፍ ያልተነበበላት ነፍሳት ትጾማለች፤ እናንተ ግን ጸሎት ላይ ማስቲካ ታላምጣላችሁ! አንተ፣ አዎ አንተ፣ ትፋው!" እሜቴን ከፊት ወንበር አስቀመጠቻት። ከሰዓት በኋላም ለትልልቆቹ እንድታሳይ አዘዘቻት።

ያቺ አሮጊት ሰባ ዓመት ኖራ የማታውቀውን አላውቅም ማለት አልተማረችም ነበር። ስሟ እዚህ አይነሳም፤ እሷ ራሷ ታውቀዋለች።

ካርቶኑ ቀኑን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እሜቴ ቤት ስትገባ ደክሟት ነበር። ካርቶኑን ጨርቅ ክምር ላይ ጣል አድርጋ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ከፈተችው።

አክስቴ ሸሚዟን ለውጣ ነበር። ግን የምትንጠለጠልበት አጥታ፣ በጎኗ ወድቃ፣ ተጣብቃ ነው የለወጠችው። ክንፍ አውጥታለች። ክንፉ ግን አልተዘረጋም፤ በጭብጥ ውስጥ እንደተጨመቀ እርጥብ ወረቀት ተኮማትሮ ደርቋል። ቀኝ እጇ ካሮጌው ቆዳ ሳይወጣ ጠምሟል። እሜቴ ወደ ጠርሙሷ መለሰቻት። አክስቴ ዱላው ላይ ልትወጣ ሞከረች፤ ወደቀች። እንደገና ሞከረች፤ ወደቀች። ከዚያ አንገቷን አዙራ እሜቴን አየቻት።

እሜቴ በጣቷ ክንፉን ልታቃና ሞከረች። የደረቀ ነገር አይቃናም።

ረቡዕ ከእናቷ ጋር ሆስፒታል ሄደች። ዘበኛው በሩ ላይ ያዛት።

"ሕፃን አይገባም።"

"እኔ ሕፃን አይደለሁም።"

"ታዲያ ጢምሽ የታለ?" አላት።

በጓሮ ዞረች። የጩጬ አልጋ ምድር ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ነበር። የወንፊት ሽቦ በተመታበት መስኮት ፊቱን አየችው፤ በአምስት ቀን ውስጥ ፊቱ አንሶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። አጠገቡ ያልተነካ ሾርባ ቆዳ ይዞ ተቀምጧል።

"አክስቴስ?" አላት ገና ሳትቀርብ። "ሸሚዟን ለወጠች?"

"ለወጠች" አለች። እስከዚህ እውነት ነው።

"ክንፍ አወጣች?"

ልጆች፣ እዚህ ላይ ቁሙ። እሜቴ "አወጣች፣ ግን አበላሸሁባት" ማለት ትችል ነበር። ሾርባውን አየች። የወንድሟን ከንፈር አየች።

"አወጣች!" አለች። "አረንጓዴ ነው! እንደ ቅጠል! በርራ መጋረጃው ላይ አረፈች!"

ጩጬ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ውስጥም ይስቅ ነበር። በአጠገቡ ለተኛው ልጅ፣ "ሰማህ? አክስቴ በረረች!" አለው። ልጁ ግራ ገባው። "የማን አክስት?" አለ።

ጩጬ ማንኪያውን አነሳ። ሾርባውን ጨረሰው።

እናቷ እንባ አቅርራ ወጣች። "ምን ብለሽው ነው የበላልኝ? አፍሽ ይባረክ!" ብላ ግንባሯን ሳመቻት። እሜቴ በዕድሜዋ እንደዚያ መሳም የከበዳት ቀን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ በየጉብኝቱ ይጠይቃል፤ እሷም ትጨምራለች። አንድ ቀን አክስቴ የስፌት መኪናው ላይ አረፈች። ሌላ ቀን ጣራውን ሦስት ጊዜ ዞረች። ቤት ስትመለስ ያቺው ፍጥረት በጠርሙሱ ሥር ወድቃ ታገኛታለች። ዝንብ በእናቷ ወረንጦ ይዛ አፏ ላይ ታስጠጋላታለች። አንድ ጊዜ ትበላለች፤ ሁለት ጊዜ ትተዋለች።

በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ እናቷን ለብቻዋ ጠራት። ስትወጣ እሜቴ፣ "ምን አለሽ?" አለቻት።

"እንግዲህ ቤቱ ይሁን አለ" አለች እናቷ። ሌላ አልጨመረችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው።

በመስኮቱ በኩል ጩጬ ጠየቀ። "ሐኪሙ ምን አለ?"

ዋሾ ምላስ መንገዱን አንዴ ከለመደ ኮረኮንች አያግደውም። "ድነሃል አለ" አለችው እሜቴ። "ለዚህ ነው ወደ ቤት የምትሄደው።"

"እውነት?"

"እውነት።"

በማግስቱ አባቱ በጭነት መኪናው አመጣው። ተሸክሞት ከመግባቱ በፊት እሜቴ ከጨርቅ ክምር ጀርባ የደበቀችውን ጠርሙስ አወጣች። መስኮቱ ክፍት ነበር። ክሩን ፈታች። ሐሳቧ አጭር ነበር፦ "ወደ ውጭ ልጣላት፤ 'በርራ ሄደች' ልበለው፤ ደስ ብሎት ያልቃል።" እጇን ጠርሙሱ ውስጥ ከተተች። አክስቴ በደህናዋ ግራ እጇ የእሜቴን ጣት ያዘች። ለቅቃ አትሄድም። አንገቷን አዙራ አየቻት።

እሜቴ እንደዚያ ቆማ ሳለ አባቷ ገባ።

"የታለች?" አለ ጩጬ ገና ሳይተኛ። "መጋረጃው ላይ ናት?"

እሜቴ ጣቷን ዘረጋችለት። ጩጬ ብዙ አየ። የተኮማተረውን ክንፍ አየ። የጠመመውን እጅ አየ።

"ወደቀች እንዴ?"

"አልወደቀችም። በሳሙና ካርቶን አድርጌ ለልጆቹ ላሳይ ወሰድኳት። እዚያ ውስጥ ለወጠች። በርራ አታውቅም፤ ዋሸሁህ። ይቅር በለኝ።"

ጩጬ የጠመመውን እጅ በጣቱ ነካ። ከዚያ በቀስታ፣ "ሐኪሙስ?" አለ።

እሜቴ አንገቷን ደፋች። እናቷም ወደ ግድግዳው ዞረች። ሕፃን ልጅ መልስ ለማግኘት ቃል አያስፈልገውም። ጩጬ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ማንንም አላመነም። እናቱ፣ "መድኃኒቱ ይሻልሃል" ስትለው እህቱን ያያል። አባቱ፣ "ስትድን በመኪናዬ ባሕር ድረስ እወስድሃለሁ" ሲለው እንደ ሽማግሌ ፈገግ ይላል። "ዛሬ ቀኑ ብራ ነው" ቢሉት እንኳ ቀና ብሎ መስኮቱን ያያል። ማጽናኛ በሚያስፈልገው ጊዜ የማጽናኛው ምንጭ ደረቀበት። ያደረቀችው ደግሞ የምትወደው እህቱ ናት።

እሜቴ ወደ አስተማሪዋ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት። አሮጊቷ መነጽሯን አወለቀች።

"ይቅርታ ጠየቅሽው?" አለቻት።

"ጠየቅሁት፣ እትዬ።"

"ምን አለሽ?"

"ምንም።"

"እንግዲያ ቃል አታብዢ። አጠገቡ ቁጭ በይ። ያየሽውን ብቻ ንገሪው፤ አንድ ጸጉር አትጨምሪ።"

በሚቀጥለው እሑድ አሮጊቷ ልጆቹ ፊት ቆመች። "ጾም አልነበረም" አለች። "ቆዳዋን ልትለውጥ ነበር። አላወቅሁም፤ አውቃለሁ ብዬ አወራሁ። እኔም ጥፋተኛ ነኝ።" ይህን ስትል ድንጋይ የምትውጥ ትመስል ነበር። ማንም አልሳቀም።

እሜቴም አልጋው አጠገብ ቁጭ አለች። ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች። ድሮ አይታ አታውቅም ነበር፤ አሁን አየች። አክስቴ ስትጠጣ ጉሮሮዋ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አየች። እጇን በአፏ እንደ ድመት ስታጸዳ አየች።

"ዛሬ ግማሽ ዝንብ በላች" አለችው። ጩጬ መልስ አልሰጠም።

"ዛሬ ሁለት ጊዜ ወደቀች።" መልስ የለም።

"ዛሬ ምንም አልበላችም። ለሸሚዝ አይደለም፤ ሌላ ሸሚዝ የላትም። ደክሟት ይመስለኛል፤ ግን አላውቅም።"

ጩጬ ከግድግዳው ትንሽ ዞረ። "ውሃስ?"

"አንድ ጠብታ።"

"በየትኛው እጇ ነው የቆመችው?"

"በግራው። ቀኙ አያገለግላትም።"

ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ግን በማግስቱ ሳትጀምር ጠበቃት፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ሆኖ ጆሮው ሲቆም አየችው።

ጩጬ ቤት ከገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እሜቴ ጠርሙሱን አነሳች። አክስቴ እጇን አጣጥፋ በጎኗ ተኝታለች። ነካቻት። አንገቷ አልዞረም። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ "ለእሱ አትንገሪው" አለች በሹክሹክታ። "ተኝታለች በይው።"

እሜቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጩጬ ሙሉ በሙሉ ዞሮ አያት። እጁ አብጧል፤ ጥፍሩ ሰማያዊ ነው።

"ዛሬስ?" አላት።

"ዛሬ ሞተች።"

ዓይኑን ሳይነቅል አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

"አመንኩሽ" አላት።

ጠርሙሱን ተቀብሎ አየ። የአዝራሩን ቆርቆሮ አስመጥቶ አክስቴን ከስድስቱ ሸሚዞች አጠገብ አስተኛት። ክዳኑን ከደነ። ከዚያ ጠየቃት።

"እኔስ?"

እናታቸው መርፌዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

"አላውቅም" አለች እሜቴ። "ሐኪሙም አያውቅም። ድነሃል አላለም። ግን እዚሁ ቁጭ ብዬ አለሁ።"

ጩጬ ያበጠ እጁን እጇ ውስጥ ከተተ። ውሸቱ ከተገለጠ ወዲህ ከሰው የተነገረውን ነገር ሲያምን ያ ሁለተኛው ነበር።

ልጆች፣ ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ለምትወዱት ሰው ውሸት አታጉርሱ፤ ጣፋጭነቱ ያለቀ ቀን እውነቱንም መዋጥ ያቅተዋል።